አኮርዲዮኑን ልኬልሻለሁ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የግላስጎው ብርድ እንዳይበረታብሽ ትጨነቃለች። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ትምህርትሽና ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። አማርኛ ማንበብ እንደሚያዘገይሽ አውቃለሁ፤ ግን ይህን በእንግሊዝኛ መጻፍ አልሆነልኝም። ቀስ እያልሽ አንብቢው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ "አባዬ፣ ባንድ ገባሁ! ኬልቲክ ፓንክ ነው የምንጫወተው፤ አኮርዲዮንህን ትልክልኛለህ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "እስቲ አያለሁ" ብዬ ዝም አልኩ። የከፋኝ መስሎሽ ከሆነ አልከፋኝም። ስልኩን እንደዘጋን ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ያንን ጥቁር ሣጥን አውርጄ አልጋው ላይ ከፈትኩት። ከ1996 ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) አኮርዲዮን ውስጥ ድምፁን የሚሰጡት ስስ የብረት ምላሶች ናቸው፤ ከእንጨቱ ጋር የሚያያዙት በንብ ሰም ነው። ክዳኑን እንዳነሣሁት ሽታው ወጣ። እናትሽ ከወጥ ቤት ሆና "ጧፍ አበራህ እንዴ?" አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሆነሽ "ያ ሣጥን ምንድን ነው?" ስትዪኝ "የድሮ ዕቃ ነው" እልሽ ነበር። ፒያኖ ስትማሪም አልነገርኩሽም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ባንድ ውስጥ እንደኖርኩ የሰማሽው ከሰው ነው። ከኔ መስማት ነበረብሽ።

አኮርዲዮን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ካሳንቺስ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ በሆቴል ባንድ ይጫወት ነበር። ያኔ አኮርዲዮን እንግዳ መሣሪያ አልነበረም፤ ወናፉን እየሳበ ትዝታን ሲጀምር የጠጣውም ያልጠጣውም ዝም ይል ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታ ሥራ ቀረ። እኔ በ1978 በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። የዚያን መንገድ ታሪክ እናትሽ ነግራሻለች፤ አልደግመውም። ለንደን የደረስኩት በ1980 ነው፣ መሣሪያ የሚባል ሳልይዝ።

በ1983 ሆሎዌይ መንገድ ላይ በአንድ የአይሪሾች መጠጥ ቤት ብርጭቆ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደንበኞቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከአየርላንድ፣ ከሜዮ፣ ከዶኒጎል፣ ከኮኔማራ መጥተው የእንግሊዝን አውራ ጎዳና የሠሩ፣ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ የቆፈሩ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ሳያገቡ በኪራይ ክፍል ያረጁ ናቸው። እሑድ ማታ ጥግ ላይ ሙዚቀኞች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም። አንዱ ይጀምራል፤ ዜማውን የሚያውቅ ይገባል፤ የማያውቅ ይጠጣል። ሴሽን ይሉታል። ዜማው ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ይባልና ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ።

እኔ ብርጭቆ እየለቀምኩ በጣቴ ትሪውን እመታለሁ። ጂግ የሚሉት ምታቸው ስድስት በስምንት ነው። የኛም ችክችካ ስድስት በስምንት ነው። እነሱ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርገው ለሁለት ይከፍሉታል። የኛ ግን በዚያው ላይ ሁለት ሁለት እያለ ለሦስት የሚከፈል ሌላ ምት ያስኬዳል። እግሬ የነሱን ሲመታ ትከሻዬ የራሴን ይመታ ነበር። ለማን ይነገራል ይሄ? ለማንም አልተናገርኩትም።

ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ከኮረም የተቀረጸውን የረሃብ ዜና አሳየ። ማይክል ቢውርክ ይናገራል፤ የሞሐመድ አሚን ካሜራ ሜዳውን፣ ንጋቱን፣ በጨርቅ የተጠቀለሉትን ሬሳዎች ያሳያል። ቴሌቪዥኑ ከባንኮኒው በላይ ነበር። ትሪዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁልጊዜ የሚጮኽ ቤት ትንፋሽ አጣ።

ከኮኔማራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በአየርላንድኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው ለሳቸውም እንደኔው የተማሩት ቋንቋ ነው። ትሪውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡና አጠገባቸው እንድቀመጥ አደረጉኝ። ብዙ ቆይተው "አን ድሮኽሂል" አሉ። ምን ማለት ነው ስላቸው "ክፉው ዘመን፤ ድንቹ የበሰበሰ ጊዜ" አሉኝ። ከ1845 እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሰው ሞቶባቸዋል፤ ሌላ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ በመርከብ ተሰዷል። ዘመዶቻቸው መንገድ ዳር አፋቸው ከበሉት ሣር አረንጓዴ ሆኖ ወድቀው እንደተገኙ ከአያታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። እኔም አያቴ የምታወራውን ነገርኳቸው፤ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ከብቱ በበሽታ እንዳለቀ፣ የሚያርስ በሬ እንደጠፋ፣ ያንን ጊዜ ሰው ሁሉ "ክፉ ቀን" ብሎ እንደሚጠራው። ቃሉን በአማርኛ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። "የናንተም ስሙ ይኸው ነው?" አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንለው አልነበረንም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሴሽኑ አኮርዲዮን ተጫዋች ወደ ውጪ ሲወጣ መሣሪያውን ወንበሩ ላይ ተወ። ሽማግሌው "ይህ ልጅ ይጫወታል፤ ትሪው ላይ ጣቶቹን አይቻለሁ" ብለው ለሁሉም ተናገሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልነካሁም ነበር። ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አጠለቅኩና እጄ ያመጣልኝን ጀመርኩ፤ ትዝታን፣ ሜጀሩን። ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ቫዮሊን የያዘች ልጅ ከሥር በረዥሙ እየሳበች ገባች። አንድም ቦታ አልሳተችም። ኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ትዝታ ሜጀር የሚሄደው በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የድሮ ዜማዎችም ብዙዎቹ የቆሙት በነዚሁ በአምስቱ ላይ ነው። ስጨርስ ከባንኮኒው አንዱ "ከየትኛው አውራጃ ነው ይሄ?" ብሎ ጠየቀ፤ የአገሩ ዜማ መስሎት። "ከወሎ ነው" አልኩት። "በቀደም በቴሌቪዥን ያያችሁት አገር ዜማ ነው።"

ቫዮሊኒስቷ በሳምንቱ አንድ ቀጭን ልጅ ይዛ መጣች። ዘፋኛችን የሆነው እሱ ነው። ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ እናትና አባቱ ከሜዮ የመጡ። እዚህ አይሪሹ ይሉታል፤ ለእረፍት ሜዮ ሲሄድ ደግሞ የአክስቱ ልጆች እንግሊዛዊው ይሉታል። አዲስ አበባ ወስደንሽ "ፈረንጇ" ያሉሽ ጊዜ ሽንት ቤት ገብተሽ ስታለቅሺ እሱን ነበር ያስታወስኩት።

አሁን ስለምትጫወቺው ሙዚቃ ጥቂት ልበልሽ፤ የባንድ ጓደኞችሽ ምናልባት ከመሀሉ ነው የሚያውቁት። ፓንክ የሚሉት ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ በ1976 እና በ1977 ለንደንን ሲያናውጥ ሦስት ኮርድ የያዘ ሁሉ ባንድ አቋቋመ። የአይሪሽ ስደተኞች ልጆችም ነበሩበት። ውጪ ፓንኩን፣ ቤት የእናታቸውን ዜማ ይሰማሉ። ሁለቱን አገናኝተው ኬልቲክ ፓንክ ያደረጉት ፖግስ የሚባሉ ባንድ ናቸው። በ1982 ኪንግስ ክሮስ ሠፈር ተነሡ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ኦክቶበር 4 ቀን 1982 ፒንዳር ኦፍ ዌክፊልድ በሚባል መጠጥ ቤት ነበር። መጀመሪያ ስማቸው ፖግ ማሆን ነበር፤ በአየርላንድኛ ለልጄ ተርጉሜ የማልጽፈው ስድብ ነው፤ ኋላ አሳጠሩት። የድሮ ዜማ በቀስታ፣ ተቀምጦ፣ በአክብሮት ይዘፈን ነበር። እነሱ ቆመው፣ በእጥፍ ፍጥነት፣ እየጮኹ ዘፈኑት። ስፓይደር ስቴሲ የቆርቆሮ ዋሽንቱን ሲያሳርፍ የቢራ ትሪ አንሥቶ ጭንቅላቱን ይመታበታል። ጄምስ ፈርንሊ አኮርዲዮኑን ታቅፎ ይዘላል፣ ይንበረከካል። አጎቴ አኮርዲዮንን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚጫወተው። በ1985 መጀመሪያ ፖግስን ሳይ ደነገጥኩ፤ በነጋታው ግን ቆሜ መለማመድ ጀመርኩ።

የፖግስ ዘፋኝ ሼን ማጋዋን በ1957 በፈረንጆች ገና ቀን የተወለደ፣ እኩያዬ ነው። ስለ ተራ ሰው ነበር የሚጽፈው፤ ስለ ጉልበት ሠራተኛው፣ ስለ ሰካራሙ፣ በሰው አገር ስላረጀው። ከኔ መጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ አንሥቶ የጻፋቸው ይመስለኝ ነበር። አዝማሪ ቢሆን ኖሮ ትልቅ አዝማሪ ይሆን ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

እኛ ስድስት ነበርን። የባንዱን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሣጥኑ ውስጥ ካለው ሰማያዊ ደብተር ሽፋን ላይ ታገኚዋለሽ። ዘፋኙ፣ ቫዮሊኒስቷ፣ የግላስጎው ልጅ የሆነ ባንጆ ተጫዋች፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ እኔ። ከበሮ መቺያችን ከኤሴክስ የመጣ የጠራ ፓንክ ነበር። ሪል የሚሉት አራት በአራት ስለሆነ አልቸገረውም፤ እግሩንና እጁን እያፈራረቀ መሮጥ ነው። ጂጉ ግን እንደ ጋሪ ፈረስ ይደነቃቀፍበት ነበር። መኪና ውስጥ ከበርሚንግሃም እስከ ሊድስ ድረስ ዳሽቦርዱን በመዳፌ እየመታሁ ችክችካን አስተማርኩት። በሦስተኛው ቀን ገባው። ከዚያ ወዲህ የኛ ጂግ የማንንም አይመስልም ነበር፤ ሌሎቹ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ የኛ ሲሮጥም ይወዛወዛል። አንድ ጋዜጠኛ ይህ ከየት የመጣ የአየርላንድ ስልት ነው ብሎ ዘፋኛችንን ሲጠይቀው "ከጎኔ ከቆመው ሰውዬ" አለው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳሁትም።

በ1989 ፍራንክፈርት ላይ የሆነውን ልንገርሽ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከፊት ያለው ወጣት እየተጋፋ፣ እየተላተመ፣ ላቡ ይተናል። ሦስተኛው ጂግ ላይ በግራ በኩል አራት ሐበሾች አየሁ። ጀርመን አገር ጥገኝነት የጠየቁ ልጆች ናቸው፤ ፖስተሩ ላይ ፎቶዬን አይተው "ይሄ የኛ ሰው ነው" ብለው ነው የመጡት። መጀመሪያ ዳር ቆመው ያያሉ። ከዚያ ከበሮ መቺያችን ያቺን ምት ሲያገባ አንደኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ወዲያው አራቱም እስክስታ ወረዱ። የሚላተመው ወጣት አቁሞ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ክብ ሆነ፤ እያጨበጨበ ይከተላቸው ጀመር። ዘፋኛችን ዘወር ብሎ አየኝ፤ መዝፈኑን ትቶ ወደ ማይኩ ገፋኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የወጣልኝ፤ "አይዞሽ አገሬ"። ከሥራው በኋላ ልጆቹ እንጀራ አለ ብለው ስድስታችንንም ቤታቸው ወሰዱን። ቫዮሊኒስቷ በእጇ ስትጎርስ፣ ባንጆ ተጫዋቹ በርበሬው አቃጥሎት ሲያለቅስ፣ እስኪነጋ ቆየን።

ሌላው ሌላው የመንገድ ኑሮ ነው። አሮጌ ፎርድ ትራንዚት፣ ከኋላ ስፒከር፣ በላዩ ላይ የሚተኛ ሰው። ለአንድ ምሽት 60 ፓውንድ ተከፍሎን ቤንዚን ከተቀነሰ በኋላ ለስድስት የተካፈልንበት ጊዜ አለ። በየሰው ቤት ወለል ላይ እናድራለን። አንድ በጋ የቆመ መኪና ውስጥ ትተነው የአኮርዲዮኑ ሰም ቀለጠና ምላሶቹ እርስ በርሳቸው ወደቁ፤ አንቺም ፀሐይ ላይ እንዳትተዪው።

ማርች 17፣ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ በዓመቱ ትልቁ ሥራችን ነበር። በኛ መጋቢት 8 ስለሚሆን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ከሥራ በኋላ የሚገኘው ምግብ የተጠበሰ ድንች ብቻ ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ በበሬ ሞራ ነበር የሚጠብሱት። ቫዮሊኒስቷ እኔ ሳልናገር ቀድማ ገብታ በምን እንደጠበሱት ትጠይቅልኝ ነበር። እሷ ሃይማኖት የሚባል አልነበራትም። ሰው ማክበር እንዲህ ነው።

የኔ የጉዞ ሰነድ የስደተኛ ስለነበር በየድንበሩ የሚያቆሙት እኔን ነው፤ እነሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ከአየርላንድ ስንመለስ ግን አንድ ወደብ ላይ ተገላበጠ። በ1974 የወጣው የፀረ ሽብር ሕግ ሰውን ያለ ክስ እስከ ሰባት ቀን ማቆየት ይፈቅድ ነበር፤ የአይሪሽ ስም ያለው ወጣት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። እኔን አሳለፉኝና ዘፋኙን አስቀሩት። ተወልዶ ባደገበት አገር ወደብ ላይ! ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በዝናብ መኪናው አጠገብ ጠበቅነው። ሲወጣ ምንም ሳይናገር አኮርዲዮኔን ከኋላ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ለንደን እስክንደርስ ትዝታን ብቻ ተጫወትኩለት።

እዚህ ላይ ነው ብዕሬ የሚከብደኝ።

ዘፋኛችን ይጠጣ ነበር። መጀመሪያ እንደማንኛውም ወጣት። በ1990 ግን ሳይጠጣ መድረክ ላይ መቆም አቃተው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግጥሙ ይጠፋዋል። ከጠጣ ይዘፍናል። እኔ አልጠጣም ነበር፤ ስለዚህ መኪናውን የምነዳውም፣ ገንዘቡን የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱንም የምገዛው እኔ ነበርኩ። ልጄ፣ ይህን ዘለሽ አትለፊው። ከሥራው ሁለት ሰዓት በፊት እኔ ሱቅ እሄዳለሁ፣ አንድ ዊስኪ ገዝቼ ኮቴ ውስጥ አድርጌ አመጣለሁ፣ እኔው ከፍቼ እሰጠዋለሁ። ለስድስት ሰው ደሞዝ ነው እል ነበር። ሥራው ከተሰረዘ ቤንዚን የለም እል ነበር። ሰማያዊው ደብተር ላይ በየገጹ "ክር" የሚል ወጪ ታያለሽ፤ የባንጆና የቫዮሊን ክር እየመሰለሽ እንዳታልፊው። አንዳንዱ ክር ነው። አብዛኛው ጠርሙስ ነው። ሌሎቹ እንዳያዩት ነበር እንደዚያ የምጽፈው፤ ሌሎቹም ያውቁ ነበር።

ተመልካቹም ይወደው ነበር። ሲንገዳገድ ያጨበጭባል፤ መጠጥ ወደ መድረክ ያቀብለዋል፤ ግጥም ሲጠፋው እየሳቀ ይዘፍንለታል። ኬልቲክ ፓንክ ማለት ስካር ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬም አለ። አንቺንም ያገኙሻል። በሆሎዌዩ ሴሽን ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጡት ሙዚቀኞች ሌሊቱን በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያነጉ እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሙዚቃው ጠርሙሱን አልፈለገውም። የፈለግነው እኛ ነን፤ ቲኬት ይሸጥልን ነበርና።

በ1996 መጸው ላይ ጉበቱ አለቀና በ36 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን ሜዮ ወሰድነው። ለቅሷቸው እንደኛ ነው፤ ሬሳው ቤት ውስጥ ሻማ በርቶለት ያድራል፣ ጎረቤት ሁሉ ሻይና ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ማንም ሟቹን ብቻውን አይተወውም። በድሮ ጊዜ ሙሾ የሚያወርዱ አልቃሽ ሴቶችም ነበሯቸው፤ ያ ቀርቷል እንጂ። እዚያ ቤት ጥግ ላይ አኮርዲዮኔን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ እናቱ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "አንተ የማትጠጣው ነህ አይደል? ልጄን ስለጠበቅህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉኝ።

ሳላመሰግናቸው፣ እውነቱንም ሳልነግራቸው ሻዩን ተቀበልኩ። በነጋታው መቃብሩ ላይ እንድጫወት ሲጠይቁኝ ወናፉን መክፈት አልቻልኩም። ቫዮሊኒስቷ ብቻዋን ተጫወተች፤ ትዝታን ነው የተጫወተችው፤ የመጀመሪያ ቀን የሰማችውን። ሣጥኑን ዘጋሁት። እናቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ስል ስል ነው ያመለጠኝ። ላንቺም እንዳያመልጠኝ ነው አሁን የምጽፈው።

ባንዱ በዚያው ፈረሰ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኩዊንሲ ውስጥ ድሮፕኪክ መርፊስ የሚባሉ ባንድ ተነሡ፣ በዓመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ ፍሎጊንግ ሞሊ የሚባሉ፤ ሙዚቃው ከኛ እጅ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። እኔ አልሰማም ነበር። በ2013 ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮን የቀረጸው ሥራ እንደገና ሲወጣ አንድ ጓደኛዬ አሰማኝ። እኔ ለንደን ችክችካን ወደ ጂግ ሳስገባ በዚያው ዓመት እሱ ዋሽንግተን አካባቢ የኛን ዜማ በዚሁ መሣሪያ ሲቀርጽ ነበር። ሣጥኑን ለመክፈት ወንበር ላይ ወጥቼ መልሼ ወረድኩ። ስሚው፤ ግራ እጁን በደንብ ስሚ።

ሼን ማጋዋን ኖቬምበር 30 ቀን 2023 አረፈ። ቀብሩን በስልኬ አየሁት፣ ዲሴምበር 8። በፈረስ ጋሪ ደብሊንን ካዞሩት በኋላ ኔናህ በምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያንን በ1987 የገና ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ ሁለተኛ የሆነውን ዘፈኑን፣ ፌሪቴል ኦፍ ኒውዮርክን፣ ዘፈኑለት፤ ሰዎች በመቅደሱ ፊት ተነሥተው ጨፈሩ። እናትሽ ሳለቅስ አግኝታኝ "ማን ሞተ?" አለችኝ። የማላውቀውን ሰው ስም ጠራሁላት። ያለቀስኩት ለማን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ።

አኮርዲዮኑ በፖስታ አይደለም የሚመጣልሽ፤ ቅዳሜ ወደ ግላስጎው የሚነዳ የእድርተኛችን ልጅ ያደርስልሻል። ማንገቻውን አዲስ አስደርጌዋለሁ። መሣሪያ ጠጋኙ ምላሶቹን አጽድቷል፤ ሰሙንም አድሷል። ከላይ ያለችው ሶል አሁንም ትጣበቃለች፤ በጣትሽ ቀስ ብለሽ አንሺያት እንጂ አታስገድጃት። ቆመሽ ስትጫወቺ ክብደቱን በግራ ትከሻሽ አትሸከሚ፤ የጀርባውን ማሰሪያ እሰሪ። የጆሮ መድፈኛ አድርጊ፤ ይህን እለምንሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የከበሮው ሲምባል በግራዬ ነበር፤ ስታወሪኝ ፊቴን የማዞረው ለዚያ ነው፤ ከሚጮኸው ጆሮዬ ሽሽት ነው።

ደብተሩን ላወጣው ብዬ ነበር። ትቼዋለሁ፤ አንብቢው። ባንድሽ ውስጥ ደብተሩን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠይቂ፤ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ የምትጽፊውን በስሙ ጻፊው።

ማርች 17 ሥራ አለን ብለሻል። እኔና እናትሽ ባቡር ቆርጠናል። ከአዳራሹ በግራ በኩል ነው የምንቆመው፤ ደህናው ጆሮዬ ወደ አንቺ እንዲሆን።

አባትሽ